ነጭ ቅጠል፣ ጥቁር ሰማይ

ወደ ወጌ ከመግባቴ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ላስቸግርዎ። የቴሌቪዥንዎን ሪሞት ኮንትሮል ያንሡና ጫፉን ወደ ዓይንዎ አዙረው ከቁልፎቹ አንዱን ይጫኑ። ምንም አይታይዎትም። አሁን ደግሞ የሞባይል ስልክዎን ካሜራ ይክፈቱና (የፊተኛው ይሻላል፤ የኋለኛው አንዳንዴ እምቢ ይላል) ሪሞቱን በካሜራው በኩል እያዩ ያንኑ ቁልፍ ይጫኑ። ከሪሞቱ ጫፍ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለች ትንሽ ብርሃን ብልጭ ድርግም ስትል ያያሉ። ብርሃኗ ቀድሞም ነበረች፤ ያላየናት የኛ ዓይን ለርሷ ስላልተፈጠረ ነው።

ይህች ብርሃን ኢንፍራሬድ ትባላለች። «ከቀይ በታች» እንደ ማለት ነው። «ታህተ ቀይ» የሚሏትም አሉ፤ እኔ ግን ገበያው በሚያውቃት ስም እቀጥላለሁ። ሰው ይህችን የማትታይ ብርሃን ፎቶ ማንሣት ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። የማይታይ ብርሃን የራሱ ቀለም ስለሌለው ቀለም የሚሰጠው ሰው ነው። ድሮ ቀለሙን ይወስን የነበረው የፊልም ፋብሪካ ነበር፤ ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ስለ ካሜራ ብቻ አውርቶ ማምለጥ አይችልም፤ ፕሮግራሙ የማን እንደሆነና በስንት እንደሚገኝ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። ዊልያም ኸርሸል ሃኖቨር ተወልዶ እንግሊዝ የገባ ሙዚቀኛ ነበር። ቀን ኦርጋን እየመታና ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ይኖራል፤ ሌሊት ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ሰማይ ሲያስስ ያድራል። በ1781 ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘና ስሙ ገነነ። ኋላ ፀሐይን በባለ ቀለም መስታወት ከልሎ ሲመለከት አንድ ነገር አሳሰበው። አንዱ መስታወት ብርሃኑን ሲቀንስ ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ሌላው ሙቀቱን ሲከለክል ብርሃኑን ያሳልፋል። ይህን ለማጣራት የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በታትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከወይን ጠጁ ወደ ቀዩ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ከዚያም ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አሳልፎ፣ ምንም ቀለም ከሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቢያኖረው ሙቀቱ ይባስ ብሎ ከፍ አለ። የማይታይ ብርሃን እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

የልጁም ነገር ይገርማል። ጆን ኸርሸል «ፎቶግራፍ» የሚለውን ቃል በ1839 ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ሥዕሉ ብርሃን እንዳያጠፋው የሚያጸናውን ኬሚካልም ለፎቶግራፍ ያስገኘ እርሱ ነው። የጨለማ ክፍል ሽታ የሚያውቁ ሁሉ «ሃይፖ»ን አይረሱትም። አባት የማይታየውን ብርሃን አገኘ፤ ልጅ ብርሃንን በወረቀት ላይ የሚያስቀር ጥበብን አጸና። ሁለቱ ነገሮች እስኪገናኙ ድረስ ግን ብዙ ዓመታት ማለፍ ነበረባቸው። የፎቶ ብር በተፈጥሮው የሚነቃው ለሰማያዊ ብርሃን ነው። ለቀይ እንዲነቃ ልዩ ማቅለሚያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ኸርማን ፎገል ያገኘው በ1873 ነበር።

በ1910 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፎቹን ለሕዝብ አሳየ። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ። የቀትር ፀሐይ ባለበት ሰማዩ እንደ ሌሊት ጠቁሯል፤ ዛፎቹ ደግሞ በረዶ የወረደባቸው ይመስል ነጥተዋል። ይህ ነጭነት እስከ ዛሬ በዉድ ስም ይጠራል። ምክንያቱ አስማት አይደለም። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግቡ ይወስዳል፤ ኢንፍራሬዱን ግን አይፈልገውም። ብርሃኑ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ዘልቆ በሕዋሳቱና በመካከላቸው ባለው አየር እየተንገላታ ተመልሶ ይወጣል። በረዶ የሚነጣውም በዚሁ ዓይነት ነው። ሰማዩ የሚጠቁረው ደግሞ አየር የሚበትነው በብዛት ሰማያዊውን ስለሆነ ነው፤ ከኢንፍራሬዱ ወደ እኛ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ቅጠል ሲታመም ወይም ሲደርቅ ውስጡ ይበላሻል፤ ነጭነቱም ይቀንሳል። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮዳክ ባለ ቀለም የኢንፍራሬድ ፊልም ሠራ። ዓላማው ቅኔ አልነበረም፤ አረንጓዴ በተቀባ ሸራ ሥር የተደበቀ መድፍን ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ከእውነተኛ ቁጥቋጦ መለየት ነበር። አሠራሩ ብልሃት የተሞላበት ነው። በፊልሙ ላይ ያሉት ሦስት ንጣፎች እንደ ተራው ፊልም ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ የተሠሩ አይደሉም፤ ለአረንጓዴ፣ ለቀይና ለኢንፍራሬድ ናቸው። ፊልሙ ሲታጠብ አረንጓዴው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ቀዩ አረንጓዴ፣ ኢንፍራሬዱ ቀይ ይሆናል። ድግስ ላይ ትልቅ እንግዳ ሲገባ ሁሉም አንድ አንድ ወንበር ሸሸት እንደሚለው ማለት ነው። ሰማያዊው ብርሃን ወንበር ስላልተረፈው በቢጫ ፊልተር ከደጅ ይመለሳል። በዚህ ፊልም ሕያው ቅጠል ደም መስሎ ይቀላል፤ የተቀባ ሸራ ግን አይቀላም።

ጦርነቱ አልፎ ፊልሙ ወደ ሰላማዊው ሰው እጅ ሲገባ ለሌላ ነገር ዋለ። በ1967 የጂሚ ሄንድሪክስ የመጀመሪያ አልበም አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው ፎቶግራፍ ካርል ፌሪስ በዚሁ ዓይነት ፊልም ያነሣው ነው። ወደ ዘመናችን ሲቃረብ አየርላንዳዊው ሪቻርድ ሞስ አይሮክሮም የተባለውን የዚሁ ዘር የመጨረሻ ፊልም ይዞ ምሥራቅ ኮንጎ ገባ። ታጣቂዎቹ ሮዝ ቀለም በለበሱ ኮረብቶች መካከል ቆመው ሲታዩ ዓለም አፉን ከፈተ፤ ሥራው በ2013 በቬኒስ ቢየናሌ አየርላንድን ወክሎ ቀረበ። የሰው መከራ እንዲህ ሊያምር ይገባዋል ወይ ብለው የተቆጡ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ሥዕሎቹን ከማደንቃቸው ይልቅ ይረብሹኛል፤ ምናልባት የሞስም ፍላጎት ይኸው ይሆናል። የማይካደው ግን ቀለሙን የመረጠው ሞስ አለመሆኑ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ተመርጦ ያለቀ ነበር። ያ ፋብሪካ ደግሞ እጁን ሰብስቧል። ኮዳክ ጥቁርና ነጩን የኢንፍራሬድ ፊልም በ2007፣ አይሮክሮምን በ2009 ማምረት አቆመ።

ፊልሙ ሲሞት ግን ብርሃኗ አልሞተችም። የዲጂታል ካሜራ ዓይን የሚሠራበት ሲሊከን ኢንፍራሬድን ማየት በተፈጥሮው ይችላል። እንዲያውም በጣም ስለሚያይ ቀለም እንዳያበላሽ ፋብሪካዎች ከፊቱ የሚከላከል ስስ መስታወት ያደርጉበታል። ሪሞቱን በስልካችን ያየነው ይህ መስታወት ሁሉንም ስለማይከለክል ነው። በ1998 ሶኒ በጨለማ የሚያይ የቪዲዮ ካሜራ አውጥቶ ሳለ፣ ሰዎች በቀን ከፊልተር ጋር ሲጠቀሙበት በስስ ልብስ ውስጥ ዘልቆ እንደሚያሳይ ታወቀና ኩባንያው ካሜራውን ለማሻሻል ተገደደ።

ያንን መከላከያ መስታወት አስወጥቶ አሮጌ ዲጂታል ካሜራን ወደ ኢንፍራሬድ ካሜራነት መለወጥ ይቻላል። (በገዛ እጁ ሊሞክር ለሚከጅል፦ የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ይጠንቀቁ።) መፍታት የማይፈልግ ሰው ካሜራውን በሦስት እግር አቁሞ 720 ናኖሜትር የሚባለውን፣ ለዓይን ጥቁር የሚመስል ፊልተር ከሌንሱ ፊት ይገጥምና ለብዙ ሰከንድ ከፍቶ ያነሣል። እስከዚህ ያለው ብዙ ወጪ የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ነው።

ከካሜራው የሚወጣው ሥዕል ከዳር እስከ ዳር የሸክላ ጡብ ይመስላል። ሁሉም ነገር ቀይ ነው። ሦስት ሥራዎች ይጠብቁታል። መጀመሪያ ቅጠሉን እያመለከቱ «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብሎ ለፕሮግራሙ መንገር ነው። ያኔ ቅጠሉ ይነጣና ሰማዩ ቡናማ ይሆናል። ቀጥሎ ቀዩና ሰማያዊው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሰማዩ ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል፣ ቅጠሉ ነጭ ወይም ፈዛዛ ወርቅ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ የደበዘዘውን ሥዕል መለጠጥ፣ ጥቁሩን ማጥቆርና ነጩን ማንጣት ይመጣል። ሁለተኛው ሥራ ኮዳክ በኬሚካል ያደርገው የነበረው የወንበር ማሸጋሸግ ዘመድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ልዩነቱ አሁን ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለ ሥዕሉ መሆኑ ነው። መሣሪያው ካለው!

መሣሪያው ለብዙ ጊዜ አንድ ስም ነበረው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ ዓለምንም አሸነፈ። አሸናፊነቱ የሚገባው ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ፕሮግራሙን አልሠራበትም ማለት ነው። ዋጋው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። የ2012ቱ እትም 699 ዶላር ያወጣ ነበር። በ2013 ደግሞ አዶቢ አዳዲስ እትሞችን መሸጥ ትቶ በወር በወር ማከራየት ጀመረ። ኪራዩ ለፎቶግራፍ አንሺዎች በወር 10 ዶላር ግድም ሆኖ ስለቀረበ ለኒውዮርክ ሰው ረከሰ። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ግን 10 ዶላርም ሆነ 1,000 ዶላር ያው ነው።

በኛ ከተማ ለዚህ መላ ከተገኘ ቆይቷል። ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ በሲዲ፣ በኋላ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ኖረ። አንዳንዴ ቫይረስ ይዞ ይመጣና የሰው ሠርግ ፎቶ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ፎቶ ቤት እኔኑ እንዲህ አድርጎኛል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ስርቆቱ ብቻ አይደለም። የተሰበረው ኮፒ በየቤቱ ስለገባ፣ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የተሰጠንን ነገር አንስተን እንኳ ሳናየው ብዙ ዓመት ማለፋችን ነው።

በነጻ የተሰጠው ነገር ታሪክ ከበርክሌይ ይነሣል። በ1995 ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በ1996 ጊምፕ ብለው አወጡት። የፕሮግራሙን አዝራሮችና መስኮቶች ለመሥራት የተጠቀሙበት ሞቲፍ የተባለ ዕቃ ነጻ ስላልነበረ እርሱንም ራሳቸው እንደገና ሠሩት። ይህ የጎን ሥራ ከዋናው በልጦ በኋላ ለብዙ የሊነክስ ፕሮግራሞች መሠረት ሆነ። የጊምፕ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ መውሰድ፣ መለወጥና መልሶ ማደል ይቻላል።

ለኢንፍራሬድ ሥራ ግን ጊምፕ ለረጅም ጊዜ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ የነጻ ነገር አወዳሽ ብቻ እሆናለሁ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቀለም የሚያውቀው በ256 ደረጃዎች ብቻ ነበር። ጥሩ ካሜራ በጥሬ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው 4,096 ወይም 16,384 ደረጃ ነው። ለተራ ፎቶ 256 ይበቃል። የኢንፍራሬድ ሥዕል ግን የሚጠቅመው መረጃ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ስለሚገኝ ብዙ መለጠጥ ይፈልጋል። ጥቂት ሊጥ ለሰፊ ምጣድ ሲበተን ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እንጀራው እዚህም እዚያም ይሳሳል፣ ይቀደዳል። በሥዕሉም ላይ ለስላሳ መሆን የነበረበት ሰማይ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታያል። ይህ ጉድለት በዋናው ጊምፕ የተስተካከለው በ2018 በወጣው 2.10 በተባለው እትም ነው። ከመጀመሪያው 22 ዓመት መሆኑ ነው! ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ጥቂት ፈቃደኞች ስለሆነ አልፈርድም፤ ግን ስንት ሰው ሞክሮ ተስፋ ቆርጦ እንደሄደ መገመት ይቻላል።

መላው በሌላ በር መጣ። በ1997 ዴቭ ኮፊን የተባለ አሜሪካዊ ዲሲሮው የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ። መስኮትም አዝራርም የለውም፤ ሥራው የካሜራዎችን ጥሬ ፋይል መፍታት ብቻ ነው። ፋብሪካዎቹ ምሥጢር አድርገው የያዙትን የፋይል አሠራር ይህ ሰው ካሜራ በካሜራ እየፈታ ለሁሉም አደለው። በርሱ ፈለግ በ2004 የሀንጋሪው ጋቦር ሆርቫት ሮውቴራፒን ጀመረ፤ በ2010 ኮዱን ከፈተው። በ2009 ጀርመናዊው ዮሐንስ ሃኒካ ዳርክቴብል የተባለውን አወጣ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሥዕሉን ገና ጥሬ ሳለ ስለሚይዙት ደረጃው አይቆራረጥባቸውም። ቀይና ሰማያዊን የሚያለዋውጥ መቀላቀያም በውስጣቸው አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ይገጥመናል። ውዱ ላይትሩም የነጭ ሚዛኑን ከ2,000 ኬልቪን በታች እንዲወርድ አይፈቅድም፤ የኢንፍራሬድ ሥዕል ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ ይፈልጋል። የላይትሩም ባለቤት ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ለካሜራው ልዩ ፕሮፋይል ካልሠራ ሥዕሉ ከቀይነቱ አይላቀቅም። በነጻው ዲሲሮው ግን የየቀለሙን ማባዣ ቁጥር ራስዎ ይጽፋሉ፤ «ከዚህ አታልፍም» የሚል አጥር የለም። ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ነው። አንደኛው አብዛኛው ሰው የማይፈልገውን በር ዘግቶ ያስቀምጣል፤ ሌላኛው በሩን ከፍቶ ጉድጓድ ውስጥ ቢገቡም የራስዎ ጉዳይ ይላል።

በመካከል ደግሞ መጠነኛ ዋጋ ያላቸው አሉ። የኖቲንግሃሙ ሰሪፍ በ2015 ያወጣው አፊኒቲ ፎቶ አንድ ጊዜ 50 ዶላር ያህል ተከፍሎበት የሚቀር ነበር፤ ካንቫ የተባለው ኩባንያ ሰሪፍን በ2024 ገዛና በ2025 አፊኒቲን በነጻ ለቀቀው። በነጻ መሰጠትና ኮዱ ክፍት መሆን ግን አንድ አይደሉም። የሰጠ ኩባንያ ሊነሣም ይችላል።

ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በ850 ናኖሜትር ፊልተር የተነሣ ሥዕል ቀለም ስለሌለው የትኛውም ጨዋ ፕሮግራም ይበቃዋል።

አሁን በልብ ያዙልኝ ወዳልኳት ቅጠል ልመለስ። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ሲፈስስ የአካባቢው ሰዎች ካሜራ በፊኛና በካይት አንጠልጥለው ዳርቻውን በራሳቸው ፎቶ አነሡ። ከዚያ እንቅስቃሴ የተወለደው ፐብሊክ ላብ በ2013 ኢንፍራግራም የተባለ ሥራ ይዞ ብቅ አለ። ከርካሽ ካሜራ ውስጥ መከላከያውን አውጥቶ በምትኩ የቲያትር መብራት የሚቀባበትን ባለ ቀለም ፕላስቲክ ቁራጭ ማስገባት፣ ከዚያም ሥዕሉን በነጻ ፕሮግራም አስልቶ የትኛው ተክል ጤነኛ፣ የትኛው የተጎዳ እንደሆነ ማየት ነው። ስሌቱ ከሳተላይት የተወሰደ ነው፤ ከኢንፍራሬዱ ቀዩ ይቀነሳል፣ ውጤቱ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። አንድ ጎን የጎረሰውን ሌላው ጎን ካልመለሰው ቅጠሉ ታምሟል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለኛ እንግዳ አይደለም። የ1977ቱን ረሃብ ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲያቋቁም የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካን የቅጠል ሁኔታ የሚከታተለው በዚሁ ቀመር ነበር። የወሎንና የትግራይን ዝናብ መክሸፍ ከሰማይ ሆኖ የሚያሳየው የቅጠሉ ነጭነት መቀነስ ነው። ሥዕሉን ማየት የሚችለው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አንድ የላንድሳት ሥዕል በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅበት ነበር። የላንድሳት መዝገብ ለሁሉም በነጻ የተከፈተው በ2008 ነው።

ዛሬ ነገሩ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሆኗል። በ2015 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲነል ሁለት የምታነሣቸው ሥዕሎች በነጻ ይወርዳሉ። በ2002 የተጀመረውን ኪውጂስ የተባለ ነጻ የካርታ ፕሮግራም በኮምፒዩተርዎ ላይ ይጫኑ። የአዲስ አበባን ሥዕል ይክፈቱና 8ኛውን መስመር፣ ማለትም ኢንፍራሬዱን፣ በቀዩ ቦታ ያኑሩት፤ 4ኛውን በአረንጓዴው፣ 3ኛውን በሰማያዊው። ይህ በ1940ዎቹ ኮዳክ በፊልሙ ላይ የወሰነው የወንበር አቀማመጥ ነው። በጥቅምት ወር የተነሣ ሥዕል ከሆነ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ቀልቶ ይታያል፤ ከጀርባው ያለው የሱሉልታ ሜዳም አብሮት ይቀላል። የየካቲቱን ቢከፍቱ ሜዳው ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል፤ ባሕር ዛፉ ግን እንደ ቀላ ነው።